የይሆናልነት ግምት ምንድን ነው? ከቆጠራና ከ«አዎ» ወይም «አይ» መልስ

አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን በቁጥር የሚገልጸው ይሆናልነት ወይም ፕሮባብሊቲ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታወቅ ሳይሆን ከመረጃ የሚገመት ነው። የተለመደው መንገድ ነገሩ የሆነበትን ብዛት ለጠቅላላው ብዛት ማካፈል ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1770 በፓሪስ ከተመዘገቡት ልደቶች 251,527ቱ የወንዶች፣ 241,945ቱ የሴቶች መሆናቸውን ይዞ፣ የሚወለደው ልጅ ወንድ የመሆን ዕድሉ 51 በመቶ ገደማ መሆኑንና ይህም ከግማሽ የበለጠው እንዲያው በአጋጣሚ እንዳልሆነ አሳይቷል።

እዚህ ላይ የተቆጠረው ድርጊቱ ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ልደት በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ሰፍሯል። የዳሰሳ ጥናት የሚሰበስበው ግን የሰዎችን መልስ ነው። ከ400 ተጠያቂዎች 240ዎቹ «አዎ» ቢሉ 240ን ለ400 አካፍለን 60 በመቶ እናገኛለን። ስሌቱ ከፊተኛው በምንም አይለይም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ መመሳሰል ነው፤ የተቆጠረው ነገር መለወጡ አይታየውምና።

መብራትን እንውሰድ። በአንድ ቤት በማንኛውም ቀን መብራት የመጥፋቱ ዕድል 10 በመቶ ነው እንበል። የቤቱ እመቤት ደብተር ይዘው በየማታው ምልክት ቢያደርጉ፣ ውሎ አድሮ ከአሥር ቀን በአንዱ ያህል መብራት እንደሚጠፋ ከደብተራቸው ያነብባሉ። ጠያቂ መጥቶ «ባለፉት 30 ቀናት መብራት ጠፍቶብዎት ነበር?» ቢላቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንዱ ቀን ሁኔታ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ፣ 30ውም ቀን መብራት ሳይጠፋ የማለፉ ዕድል 0.9 በራሱ 30 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ካሉ መቶ ቤቶች 96ቱ ያህል «አዎ» ይላሉ። 10ም 96ም ትክክል ናቸው፤ አንዱ የቀን፣ ሌላው የወር ዕድል ነው። በዚሁ ስሌት ወደ ኋላ ስንሄድ፣ የወሩ «አዎ» 60 በመቶ ቢሆን የቀኑ ዕድል 3 በመቶ ገደማ ይሆናል። በእውነተኛው ኑሮ መብራት የሚጠፋው ከነሰፈሩ ስለሆነና አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት ስለሚቆይ ይህ ቅየራ ሻካራ ግምት ነው። አንድ ቀን የጠፋበትም ሆነ አሥራ አምስት ቀን በጨለማ ያመሸ ቤት የሚሰጠው ያው አንድ «አዎ» ስለሆነ፣ የጠፋው መረጃ በስሌት ብልሃት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ጠያቂው «ስንት ቀን?» ብሎ ቢጠይቅ እመርጣለሁ።

ሌላው ጉዳይ የመልሱ እውነተኛነት ነው። ሰው ይረሳል፤ ያፍራል፤ ጠያቂውን ደስ ለማሰኘትም ይመልሳል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዋ ልጁ ስለመከተቡ የእናቲቱን ቃል ብቻ ይዛ አትሄድም፤ የክትባት ካርዱ ካለ ታይቶ ቀኖቹ ይገለበጣሉ፤ የቃል መልስ የሚወሰደው ካርዱ በማይገኝበት ጊዜ ነው። የተጠያቂዎችን ቁጥር ከ400 ወደ 4,000 ማሳደግ ናሙና በመውሰድ የሚመጣውን ስህተት ወደ ሲሶ ገደማ ያወርዳል፤ የተረሳውን ወይም የተደበቀውን ግን አያስተካክልም። ይህ ልዩነት በየዜናው ሲዘለል ማየት ያሳዝነኛል።

የሚያሳፍር ጥያቄ ሲሆን ካርድም መዝገብም አይኖርም። ተመራማሪው ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚህ አንድ ዘዴ አቀረበ፤ ከእሱ የወጣው ቀለል ያለው ዓይነት እንዲህ ነው። ተጠያቂው ለብቻው ሆኖ ሳንቲም ይወረውራል፤ ዘውድ ከወጣ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል፤ ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይናገራል። ጠያቂው «አዎ»ው ከሳንቲሙ ይሁን ከሰውየው ስለማያውቅ ተጠያቂው የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል። ከመቶው 70ው «አዎ» ቢሉ፣ 50ው ከሳንቲሙ የመጡ ናቸው ተብሎ ይቀነሳሉ፤ ከቀሩት 50 እውነት ተናጋሪዎች 20ው «አዎ» ብለዋልና ግምቱ 40 በመቶ ይሆናል። ዘዴው ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 400 ሰው በቀጥታ ተጠይቆ 40 በመቶ ሲገኝ ወደላይና ወደታች 5 ነጥብ ያህል የነበረው የስህተት ወሰን፣ ማለትም ግምቱ ናሙና በመውሰዱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ በሳንቲሙ መንገድ ወደ 9 ነጥብ ይሰፋል።