የዳታቤዝ ፕሮክሲ አዋቀር በአውቶማቲክ ዲፕሎይመንት፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ ባለሙያዎች

የዳታቤዝ ፕሮክሲ በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መሃል የሚቀመጥ ሶፍትዌር ነው። ጥቂት ኮኔክሽኖችን (ከዳታቤዙ ጋር የሚደረጉ ግንኙነቶችን) ክፍት አድርጎ ይይዝና ለብዙ ጠያቂ በየተራ ያዳርሳል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጉዳይ ለማስፈጸም የሄደ ሰው «ሲስተም የለም» መባልን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መብራት ወይም ኔትወርክ ነው። አንዳንዴ ግን ዳታቤዙ በኮኔክሽን ተጨናንቆ ነው። ፕሮክሲ የሚያቃልለው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ኮምቦልቻ በፋብሪካዎቿ፣ በደረቅ ወደቧና በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ትታወቃለች። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መቀመጫም እሷው ናት፤ የአካባቢው ወጣት ሰርቨር ማስተዳደርን ሩቅ ሳይሄድ የሚማርበት ቤት ነው።

ከፕሮክሲ መሣሪያዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ፣ ማይኤስኪውኤል ለተባለው ዳታቤዝ የተሠራው ማይኤስኪውኤል ፕሮክሲ ነበር። ፒጂባውንሰር በስካይፕ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተለቀቀ ሲሆን ፖስትግሬስ ለተባለው ዳታቤዝ ያገለግላል። ፕሮክሲኤስኪውኤል ደግሞ በዋናነት ለማይኤስኪውኤል ነው።

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል፤ ሜሞሪ የሚበላውም ለዚህ ነው። ካልተቀየረ በቀር የሚፈቅደው 100 ኮኔክሽን ነው፤ ከዚያም 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። የፒጂባውንሰር ፑል (ክፍት ሆነው የሚያዙት ኮኔክሽኖች ስብስብ) መነሻ መጠን 20 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 20ው የጠቅላላው ሳይሆን የአንድ ዩዘርና የአንድ ዳታቤዝ ጥምር ነው። ሁለት ዳታቤዝ ላይ ሦስት ሦስት ዩዘር ካለ 6 ፑል ይሆናል። ሁሉም ከሞሉ 120 ኮኔክሽን ይጠየቃል፤ ዳታቤዙ ደግሞ ያን አይችልም። ስለዚህ የፑሉን መጠን በስክሪፕት ከማስገባት በፊት ማባዛት ግድ ነው።

በሴሽን ሞድ (ኮኔክሽኑ ደንበኛው እስኪወጣ የሚያዝበት) እና በትራንዛክሽን ሞድ (አንድ ትራንዛክሽን እስኪያልቅ ብቻ የሚያዝበት) መካከል ክርክር አለ። ብዙዎች ለዌብ አፕሊኬሽን ትራንዛክሽን ሞድን ይመርጣሉ፤ እንደ ሥራው ጠባይ ግን ሊለያይ ይችላል። ኮንፊጉን (የፕሮክሲውን ማዋቀሪያ ፋይል) በእጅ ሰርቨር ላይ መጻፍ ግን አያከራክርም፤ ስህተት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ሲያዙ ዩኒቨርሲቲው ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። አንድ ማሽን ላይ ብቻ ያለ ነገር ከማሽኑ ጋር እንደሚሄድ እዚህ አገር ለማንም መንገር አያስፈልግም። ኮንፊጉ የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ጊት ላይ ይቀመጥ፣ ግልባጩም ከከተማው ውጭ ይኑር፣ ሰርቨሩ ላይ የሚያደርሰውም አንሲብል የተባለው የአውቶማቲክ ማዋቀሪያ መሣሪያ ይሁን። ፓስዎርድ ግን በአንሲብል ቮልት ተቆልፎ እንጂ እንዲሁ በግልጽ ጊት ውስጥ አይገባም።

ፕሮክሲኤስኪውኤልን በአውቶማቲክ የሚያዋቅር ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ኮንፊግ ፋይሉ በመደበኛው የሚነበበው ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መረጃውን የሚወስደው ከራሱ ትንሽ ዳታቤዝ ነው። አንሲብል ፋይሉን ቀይሮ ሰርቪሱን ሪስታርት ቢያደርግ ሁሉም ያለ ስህተት የተሳካ ሆኖ ይታያል፤ ፕሮክሲው ግን በድሮው ኮንፊግ ይቀጥላል። ትክክለኛው መንገድ በፖርት 6032 በሚገኘው የአስተዳዳሪ በር ገብቶ ሠንጠረዦቹን መቀየር ነው። ለውጡ መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ያርፋል። «ሎድ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ራንታይም (ፕሮክሲው አሁን ወደሚሠራበት ኮንፊግ) ካልተሻገረ ሥራ ላይ አይውልም፤ «ሴቭ» በሚለው ዲስክ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ሁለተኛዋ ትእዛዝ ከስክሪፕቱ መጉደል የለባትም። አፕሊኬሽኑ የሚገባው በ6033 ነው።

ፒጂባውንሰር ቀለል ይላል። ፋይሉን ቀይሮ «ሪሎድ» ማድረግ ለአብዛኛው ለውጥ ይበቃል። ሪስታርት ግን ሥራ ላይ ያለውን ኮኔክሽን ሁሉ ይቆርጣል፤ ስለዚህ የአንሲብል ሃንድለር (ፋይል ሲቀየር የሚሠራው ተግባር) ሪሎድን ይጥራ። ዳታቤዙ ራሱ ለአጭር ጊዜ መቆም ካለበት «ፖዝ» የሚለው ትእዛዝ የተጀመረውን ሥራ አስጨርሶ አዲሱን ጠያቂ ያስጠብቃል። «ሪዚዩም» ሲባል ወረፋው ይለቀቃል። የማቆያ ጊዜው ካልረዘመ ተጠቃሚው የሚያየው ትንሽ መዘግየት ነው።

ከዲፕሎይመንቱ በኋላ ፒጂባውንሰር ላይ «ሾው ፑልስ» ብሎ ማየት ይገባል። የሚጠብቁ ደንበኞችን የሚያሳየው ቁጥር ከዜሮ በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ፑሉ ጠብቧል ወይም ኮኔክሽን ይዞ የማይለቅ ጥያቄ አለ። ፑሉን ከማስፋት በፊት ጥያቄውን መፈለግ ይሻላል።