«ራውንድ» ምንድን ነው?

ሐዋሳ ሪፈራል ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን የጠዋት ጥሪ ያውቀዋል፦ «አስታማሚዎች ውጡ፤ ራውንድ ነው!» ፔርሙዙና ፌስታሉ ከአልጋው ሥር ይገባል፤ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከይርጋዓለም የመጣው ዘመድ ኮሪደር ላይ ይቆማል። በበሩ ክፍተት የሚታየው ነጭ ጋውን የለበሱ ብዙ ወጣቶች አንድ አልጋ ከበው ነው። ያን ጊዜ ሆዱ የማይባባ የለም፦ «መለማመጃ አደረጓት እንዴ?»

ራውንድ ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ የተኙ ሕሙማንን የሚያዩበትና የቀኑን ሕክምና የሚወስኑበት ጉብኝት ነው። በ1998 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ሆስፒታል የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በመሆኑ፣ ራውንዱ ክፍል ውስጥ የማይገኝ ትምህርትም ነው።

ከከበቡት መካከል ገና የሚማሩ የሕክምና ተማሪዎች አሉ። ኢንተርኑ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነው። ሬዚደንቱ ሐኪም ሆኖ ሳለ ስፔሻሊስት ለመሆን ለዓመታት የሚማር ነው። ሲኒየሩ ስፔሻሊስት ሲሆን የመጨረሻው ውሳኔና ኃላፊነት የእርሱ ነው። ኢንተርኑ የሕመሙን ታሪክ ያቀርባል፤ ሲኒየሩ ይጠይቃል፣ ይሞግታል፣ ራሱ በእጁ ይመረምራል። የታዘዘው መድኃኒት የሚቀየረው፣ ቀዶ ሕክምና የሚወሰነው፣ «ነገ ትወጣለች» የሚባለውም እዚያው ነው።

ያው ጥያቄ በተለያየ ሰው መደጋገሙ ሕሙማንን ያሰለቻል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያው ጠያቂ «ምንም አልወሰድኩም» ያሉ እናት ለሦስተኛው «ለካ የአገር መድኃኒት ጠጥቼ ነበር» ሊሉ ይችላሉ፤ ያች አንዲት ቃል ሕክምናውን ትለውጣለች። አንዱ ያለፈውን ሌላው የሚይዘው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን እሟገታለሁ። ከሲዳሙ አፎ ሌላ ቋንቋ የማይናገሩ አባት ሲጎበኙ፣ የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው አብሮ ሊቆም ይገባዋል። ታማሚም ተማሪ እንዳይመረምረው ቢፈልግ የመናገር መብት አለው፤ ሕክምናው በዚህ አይቀርበትም።

ራውንዱ ሲያልቅ ዝም ብለው አይግቡ። ሬዚደንቱን ወይም የዋርዱን ነርስ «ዛሬ ምን ተወሰነ? የቀረ ምርመራ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ጠያቂ ቢሆን መልሱም አይምታታም።