የጽሑፍ አሠራር በጎንደር፦ ከጉባኤ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል

ጎንደር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ግንቡን ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንደሆነ ይነገራል፤ ፋሲል ግቢም በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚህ የምናነሣው ከግንቡ ጋር አብሮ ያደገውን ሙያ ነው። ጽሑፍ እንዴት ይጀመራል? እንዴት ይስፋፋል? ጥሩ የሚያሰኘውስ ምንድን ነው?

ግቢው ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት እስካሁን ይታያሉ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግእዝ ነበር፤ ሥራው የጸሐፌ ትእዛዙ፣ ማለትም የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ነው። ስልቱ ተራኪ ነው። ነገሩ በዓመት፣ በወርና በቀን ይሄዳል፤ ንጉሡ ዘመቱ፣ ከዘመቻ ተመለሱ፣ እገሌን ሾሙ፣ እገሌን ሻሩ። ውዳሴው በዝቷል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጸሐፊው በንጉሡ እንጀራ የሚኖር ሰው ነበርና ምን ይደረግ!

መጻሕፍትን በእጁ የሚገለብጠው ቁም ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ሙያተኛ ነው። ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። መቃ ብርዑን ይቀርጻል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይወርዳል፤ ቅዱሳን ስሞችና የምዕራፍ መነሻዎች ግን በቀይ ናቸው። የዘለለው ቃል ካለ ከመስመሩ በላይ አሳንሶ ያስገባዋል። ብራና ውድ ነው፤ ለአንድ ስሕተት ተብሎ ገጽ አይጣልም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ በኋላ ይዟቸው ከሄዳቸው የብራና መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል።

ድርሰት ማለት አዲስ ነገር መፍጠር ከሆነ ትምህርቱ ያለው ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ከአጭሩ ጀምሮ ወደ ረጅሙ መውጣት ግድ ነው። ቤት ያልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ያልተጣጣመ ቅኔ እዚያው ይወድቃል። ሰምና ወርቅ ለማያውቅ አንባቢ በአማርኛ አንድ ምሳሌ እንስጥ። «እስረኛው ተምሮ ወጣ» ብንል ሰሙ ትምህርት ነው፤ ወርቁ ምሕረት ነው። «ተምሮ» ሁለቱንም ይሸከማል። ቃል ቆጣቢነትን ከዚህ በላይ የሚያስተምር ቤት አላውቅም።

የጎንደር ትልቁ ውለታ ግን የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው፤ አንድምታ። እዚህ ላይ አንቀጽ የማስፋፋት ጥበብ ራቁቱን ይታያል። መጀመሪያ የግእዙ ንባብ ይነበባል። ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙ በአማርኛ ይመጣል። ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሌላ መንገድ ይከፈታል። ሐተታው «ስለምን ቢሉ» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ታሪክ ይጨመራል፤ ጥቅስ ይጠቀስና «እንዲል» ተብሎ ይታሰራል። ጣዕሙን ለማሳየት ያህል «ንጉሡ ሲመሽ ወጣ» የሚል ንባብ አለን እንበል። ስለምን በቀን አልወጣም ቢሉ፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ነው። አንድም ጠላት እንዳያየው ነው፤ ጨለማ ለሠራዊት መጋረጃ ነውና። አንድም ዘመኑ እንደመሸ ሲያጠይቅ (ሲያመለክት) ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት በር ከፈተ፤ ግን ከንባቡ አልወጣም።

ትርጓሜው ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት የትምህርት ወገን ይከፈላል። ታች ቤቱን ያቀኑት በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ናቸው። በጣና ደሴት ለዓመታት መጻሕፍት ሲመረምሩ ቆይተው ነው ይባላል፤ የዓመቱ ቁጥር ላይ ተራኪው ሁሉ አይስማማም። ዛሬ በብዛት የሚሰማው የታች ቤቱ ነው። ላይ ቤት ይበልጣል የሚል ሊቅ ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩት፤ አትረቱትም።

በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አስዘርፈው መጻሕፍቷን ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1888 ደግሞ ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ አቃጠላት።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ቃላቱ ተለወጡ። የአሁኑ ተማሪ ድርሰትን ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊና አመዛዛኝ ብሎ ይከፍላል። አንቀጽ ኃይለ ቃል፣ ማለትም ዋናውን ሐሳብ የሚሸከም ዐረፍተ ነገር ይኑረው ይባላል። ኃይለ ቃሉን በምሳሌ፣ በማነጻጸር፣ በምክንያትና ውጤት፣ በብያኔ ወይም በጊዜ ቅደም ተከተል ማስፋፋት ይቻላል። ጥሩ አንቀጽ አንድነት፣ ግጥምጥምነትና አጽንኦት አለው። ግጥምጥምነት ማለት ዐረፍተ ነገሮቹ ተያይዘው መሄዳቸው ነው፤ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በተመሳሳይም» የሚሉት አያያዦች እዚህ ያገለግላሉ። ሲበዙ ደግሞ ያሰለቻሉ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በየመስመሩ «በመሆኑም» እየደነቀርኩ ውጤቴን ቀይ በቀይ አድርጌዋለሁ።

በ1954 በጤና ኮሌጅነት ተጀምሮ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም አማርኛ ያስተምራል። አብነት ትምህርት ቤት የቆየ ልጅ እንዲህ ባለ ክፍል ሲገባ ስሞቹ ይከብዱታል፤ ሥራው ግን አያስቸግረውም። «በምክንያትና ውጤት አስፋፋ» ሲሉት «ስለምን ቢሉ ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚቸገረው ከ«አንድም» አንዱን ብቻ መርጦ ሌላውን ተው ሲባል ነው።