ስለ ቶኒ ራይስ «ቸርች ስትሪት ብሉዝ» የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ቸርች ስትሪት ብሉዝ በ1983 ሹገር ሂል በሚባል ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) የወጣ የቶኒ ራይስ ሶሎ አልበም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ቶኒ ራይስ ማነው ለምትሉ፣ የብሉግራስ ጊታሪስትና ዘፋኝ ነው፣ የብሉግራስ ጊታር ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ተብሎ ይከፈላል ቢባል ብዙም የሚከራከር አይኖርም። ብሉግራስ ደሞ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል (ቫዮሊን ማለት ነው)፣ ጊታርና ትልቁን ቤዝ ይዘው ያለ ከበሮ የሚጫወቱት የአሜሪካ ሙዚቃ ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ የኖራችሁ ሳታውቁት ሰምታችሁት ይሆናል፣ እዛ ያለው ዋሙ 88.5 ሬድዮ ለስንት ዓመት ብሉግራስ ሲያጫውት የኖረ ጣቢያ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ያለው በርችሚርም የዚህ ሙዚቃ አንዱ ዋና መድረክ ነበር። እና ስለዚህ አልበምም ስለ ሙዚቃውም ደጋግሞ የሚወራ ግን እንደሚወራው ያልሆነ ነገር ብዙ አለ።

«ብሉግራስ ጥንታዊ የተራራ ሰዎች ባህላዊ ሙዚቃ ነው»

ኧረ አይደለም። ቢል ሞንሮ የሚባለው የኬንታኪ ሰው ብሉ ግራስ ቦይስ የሚለውን ባንዱን ያቋቋመው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፣ በ1939 ናሽቪል ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የሬድዮ ሙዚቃ ዝግጅት ገባ፣ ዛሬ ብሉግራስ የምንለው ድምፅ የተሟላው ግን በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚመታውን ባንጆ ይዞ ሲቀላቀለው ነው። የሙዚቃው ስም ራሱ ከባንዱ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ ሬድዮም ማይክሮፎንም ሸክላም ባለበት ዘመን የተፈጠረ ሙዚቃ ነው፣ ከብዙዎቻችን አያት በዕድሜ ያንሳል። ውስጡ ግን የቆየ ነገር አለ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ ዜማ፣ ብሉዝ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር። ቸርች ስትሪት ላይ ያለው ሀውስ ካርፔንተር ለምሳሌ ከእንግሊዝ አገር የተሻገረ የምር የድሮ ትረካ ዘፈን ነው።

«የነጮች ሙዚቃ ነው»

ባንጆ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ይሄ ወሬ እዛው ያልቃል። በባርነት የተወሰዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ናቸው ይዘውት የመጡት፣ ሴኔጋልና ጋምቢያ አካባቢ ጆላዎች የሚጫወቱት አኮንቲንግ እስከዛሬ አለ፣ ቅል ላይ ቆዳ የተወጠረበት ነው፣ ስታዩት ዝምድናው ይታያችኋል። ቢል ሞንሮ ራሱ አርኖልድ ሹልትዝ ከሚባል ጥቁር ጊታሪስት ብዙ እንደተማረ ሲናገር ነው የኖረው።

«ባንጆ ከሌለ ብሉግራስ አይደለም»

ይሄን የሚሉ ሰዎች ቶኒ ራይስ ላይ ሲደርሱ ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ማንዛኒታ የሚባለው የ1979 አልበሙ ባንጆ የሚባል የለበትም፣ ግን የብሉግራስ ወዳጆች ዛሬም ምርጥ ከሚሏቸው አልበሞች አንዱ ነው። ባንጆ ስለሚጠላ ነው እንዳትሉ፣ ሰውየው በወጣትነቱ ስሙን የተከለው እኮ ከባንጆ ጀግናው ከጄ ዲ ክሮው ጋር ነው፣ ሪኪ ስካግስና ጄሪ ዳግላስም ያሉበት የ1975ቱ አልበማቸው የሙዚቃውን አካሄድ የቀየረ ነው። ከዛ በኋላ ካሊፎርኒያ ሄዶ ከማንዶሊኒስቱ ዴቪድ ግሪስማን ጋር ሲሰራ ነው ጃዝም ኮርድም ውስጥ በደንብ የገባው፣ ወደ ብሉግራስ ሲመለስም የተማረውን ይዞ ነው የተመለሰው። ቸርች ስትሪት ላይም ባንጆ የለም። ማንዶሊንም፣ ፊድልም፣ ቤዝም የለም።

«ሶሎ አልበም ስለሆነ ብቻውን ነው የተጫወተው»

እዚህ ጋር ትንሽ እንቆይ። ብሉግራስ ውስጥ ሶሎ አልበም ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ ማለት ነው እንጂ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር ማለት አይደለም፣ ባንድ ያለው ሙዚቀኛ ከባንዱ ውጪ የራሱን ምርጫ ለመስራት ሲፈልግ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይቀዳል፣ እነሱም በተራቸው ሲቀዱ እሱ ይሄድላቸዋል። ማንዛኒታ የቶኒ ሶሎ ነው ተብሎ ሳም ቡሽ፣ ሪኪ ስካግስ፣ ጄሪ ዳግላስ፣ ዴቪድ ግሪስማን፣ ዳሮል አንገር ሁሉ አሉበት፣ ሶሎ ከማለት ሰርግ ማለት ይቀላል።

ቸርች ስትሪት ግን የቃሉን ትርጉም ወደ መሆን ይጠጋል፣ አብዛኛው አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ ነው። እሱም ቢሆን መቶ በመቶ አይደለም፣ አንዳንድ ትራኮች ላይ ወንድሙ ዋያት ራይስ በሁለተኛ ጊታር ሪትም ይይዝለታል። ዋያት ደሞ ራሱን የቻለ ጊታሪስት ነው፣ እዚህ ግን ሥራው ምንጣፉን ማንጠፍ ብቻ ነው፣ አንድም ቦታ ወደ ፊት አይወጣም።

«ሁለት ጊታር ነው የሚሰማው፣ ወይ ደሞ በጣቶቹ ነው የሚመታው»

የመጀመሪያው ትራክ ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚለው፣ አይፈረድበትም። ግን በአንድ ፒክ (ክሩን የሚመቱባት ትንሽ ስስ ነገር) ነው። ክሮስፒኪንግ የሚሉት ዘዴ አለ፣ ፒኩ አንድ ክር ላይ አይቀመጥም፣ ሦስት ጎረቤት ክሮች ላይ እየተሻገረ ወደ ታች ወደ ላይ እየመታ ይሽከረከራል፣ በመሀል ዜማው ያለበት ክር ትንሽ ጠንከር ብሎ ይመታል፣ ወፍራሙ ክር ደሞ ከታች ይመልሳል፣ ስለዚህ ጆሮ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ያለ ይመስለዋል። ኢርፎን አድርጋችሁ ይሄንን ትራክ ስሙና የሚዘፍንበትን ድምፅ ተዉት፣ አንዱ ስንኝ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለችውን ትንሽ ቦታ ጠብቁ። እዛ ጋር ጊታሩ በወፍራሞቹ ክሮች ይወርድና ይዞር፣ ይዞርና ልክ ቶኒ የሚቀጥለውን ቃል አፉ ላይ ሲያደርግ እዛ ይደርሳል። ከባዱ ነገር ደሞ ሌላ ነው፣ ሲዘፍን ቃሉን ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ጎተት እያደረገ ነው የሚዘፍነው፣ እጁ ግን አይጎተትም፣ ማለቴ አፉና እጁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብትሉ ያምርባችኋል። ጊታር የምትሞክሩ ካላችሁ እጃችሁን ብቻ ተለማምዳችሁ ቻልኩት እንዳትሉ፣ እላዩ ላይ ዘፍኑበትና ተያዩ።

«ብሉግራስ ማለት ፍጥነት ነው፣ ቶኒም የታወቀው በፍጥነቱ ነው»

ፈጣን ነበር፣ ማንም አይክድም፣ ጄሩሳሌም ሪጅን እዚሁ አልበም ላይ ስሙት፣ የቢል ሞንሮ የፊድል ዜማ ነው፣ በጊታር እንዲህ ንጥር ብሎ መውጣቱ ራሱ ይገርማል። ግን አብረውት የሰሩ ሙዚቀኞች ከሶሎው ይልቅ ሪትሙን ነው ደጋግመው የሚያነሱት። ከበሮ በሌለበት ባንድ ውስጥ ሥራው እንዲህ ይከፋፈላል፣ ቤዙ ዋናውን ምት ይይዛል፣ ማንዶሊኑ በመሀል ቸክ ቸክ እያለ የስኔር ከበሮን ቦታ ይሸፍናል፣ ጊታሩ ሁለቱን ያያይዛል። ቸርች ስትሪት ላይ ቤዝም ማንዶሊንም ስለሌለ ያ ሁሉ ሥራ ቀኝ እጁ ላይ ወደቀ፣ እኔ ይሄን አልበም ከማንዛኒታ የማስበልጠው ለዚህ ነው፣ ብዙ ወዳጆቹ ባይስማሙም። ስትሪትስ ኦፍ ለንደን የመሰለ ዝግ ያለ ዘፈን ላይ የሚደበቅበት ቦታ እኮ የለም፣ ትንሽ ብትዘባርቅ ሁሉም ይሰማሃል።

«ዘፈኖቹን የጻፋቸው እሱ ነው»

አንዱንም። እኛ ካሴት ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ለየብቻ እንደሚጻፈው እዚህም ባለቤቶቹ ሌሎች ናቸው፣ የአልበሙ ስም የሆነው ዘፈን የኖርማን ብሌክ ነው፣ ስትሪትስ ኦፍ ለንደን የራልፍ ማክቴል፣ ከቦብ ዲላንም ከቶም ፓክስተንም ከጂሚ ሮጀርስም አለበት። ዘ ሬክ ኦፍ ዚ ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ ደሞ የካናዳዊው ጎርደን ላይትፉት ነው፣ በኖቬምበር 1975 ሌክ ሱፒሪየር ላይ በማዕበል ከነ 29 ሰዎቿ ስለሰጠመችው የጭነት መርከብ። ቶኒ ላይትፉትን በጣም ይወደው ነበር፣ በተለያዩ አልበሞች የዘፈናቸው የሱ ዘፈኖች በኋላ ተሰብስበው ለብቻ አንድ ሲዲ ሆነው ወጥተዋል። ሌላ ሰው የጻፈውን መዝፈን ብሉግራስ ውስጥ ነውር አይደለም፣ ጥያቄው ምን አደረግክበት ነው።

«ምስጢሩ ያ ጊታር ነው»

ጊታሩ ታሪክ ያለው መሆኑ እውነት ነው። የ1935 ማርቲን ዲ-28 ነው፣ መሀሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከተለመደው ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ፣ በፊት ክላረንስ ኋይት የሚባል የብሉግራስ ጊታሪስት የነበረ፣ ቶኒ ልጅ እያለ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጫወትበት ያየው። ክላረንስ በ1973 ሰክሮ በሚነዳ ሰው መኪና ተገጭቶ ሞተ፣ ቶኒ ጊታሩን ፈልጎ አፈላልጎ በ1975 በ550 ዶላር ገዛው። በ1993 ፍሎሪዳ ላይ በጎርፍ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደገና ተጠግኖ ተረፈ። ይሄን ታሪክ የሰማ ሁሉ ቀዳዳው የሰፋ ጊታር ይገዛና እንደ ቶኒ አልጮኸልኝም ይላል። ቶኒ ግን ሳንታ ክሩዝ የሚባለው ፋብሪካ በስሙ በሰራለት ጊታርም መድረክ ላይ ተጫውቷል፣ ሲጫወትም ያው ቶኒ ነበር።

«ጉሮሮ ካንሰር ይዞት ነው ዘፈን ያቆመው»

ካንሰር አይደለም። ድምፅ በሚወጣበት ቦታ ያሉ ጡንቻዎች ከልክ በላይ የሚወጠሩበት በሽታ ነው፣ ከተፈጥሮ ድምፁ ከፍ ባለ ቦታ ለዓመታት እያስገደደ ሲዘፍን የመጣበት ነው የሚባለው። በ1994 ነው በሕዝብ ፊት መዝፈን ያቆመው፣ ማለትም ይሄ አልበም ከወጣ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ስለዚህ እዚህ የምትሰሙት ድምፅ ጤነኛ ድምፅ ነው፣ «ታሞ እንኳን እንዲህ ዘፈነ» የሚባለው ወሬ ልብ ወለድ ነው። ጊታሩን ግን ከዛም በኋላ ለዓመታት ተጫውቷል። በ2013 ብሉግራስ ሆል ኦፍ ፌም ሲያስገቡት መድረክ ላይ በዛ በሻከረ ድምፁ እያወራ ሳለ መሀል ላይ ለጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በድሮው ድምፁ ተናገረ፣ ቪዲዮው አለ፣ አዳራሹ ምን እንደሆነ ራሳችሁ እዩት። በዲሴምበር 25፣ 2020 በ69 ዓመቱ ሞተ።

«ፓንች ብራዘርስ ከሞተ በኋላ ነው ማስታወሻ የሰሩለት»

ፓንች ብራዘርስ፣ የማንዶሊኒስቱ የክሪስ ቲሊ ባንድ፣ አልበሙን ከመጀመሪያው ትራክ እስከ መጨረሻው በራሱ መንገድ እንደገና ሰርቶ ሄል ኦን ቸርች ስትሪት ብሎ ያወጣው በ2022 ስለሆነ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። የቀዱት ግን በኖቬምበር 2020 ቶኒ በሕይወት እያለ ነው፣ ለሱ ስጦታ እንዲሆን ብለው፣ ሳይሰማው ነው የሞተው። ደሞ ኮፒ አይደለም፣ ቅንብሩን ፈታትተው ሌላ ነገር ነው ያደረጉት፣ መጀመሪያ እሱን ከሰማችሁ የቶኒው ባዶ ሊመስላችሁ ስለሚችል ከቶኒው ጀምሩ። ባንጆ ካማራችሁ እነሱ ጋር አለላችሁ።