የመጨረሻው ሲሶ የማን ነው?

አሞራ ገደል ዳር በምንሰበሰብ የሐዋሳ ዋናተኞች መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ወደ ሰመጠ መርከብ ሆድ የሚገባ ጠላቂ አየሩን በሲሶ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ብዙዎች «ሦስተኛው ሲሶ ወደ ላይ ለመውጫ ነው» ይላሉ። አይደለም።

አንዱ ሲሶ መግቢያ፣ ሁለተኛው መመለሻ፣ ሦስተኛው የጓደኛህ ነው። ሁለታችሁም 200 ባር (ባር የግፊት አሃድ ነው) የያዘ እኩል የአየር ሲሊንደር አላችሁ እንበል። ለስሌት እንዲመች 180ውን ለሦስት ስንከፍል 60 ይደርሳል። የአንዳችሁ የግፊት መለኪያ መርፌ 140 ላይ እንደደረሰ፣ ፊት ለፊት የቱንም ያህል የሚያጓጓ ክፍል ቢታይ፣ ሁለታችሁም ትዞራላችሁ። ክርክር የለም። በዚያች ቅጽበት የጓደኛህ አየር ቢቋረጥ ከአንተ ሲሊንደር 60፣ 60 እየተነፈሳችሁ ከመርከቧ በር ትደርሳላችሁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በሩ ድረስ ብቻ ነው! የቀረው 20 ባር ሁለት ሰው ከጥልቀት አያወጣም። ቀይ ባሕር ውስጥ የተኛችው የሰመጠች መርከብ ቲስልጎርም ወለሉ ላይ 30 ሜትር ያህል ትጠልቃለች። እዚያ ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ አራት እጥፍ ስለሆነ አንድ ትንፋሽ አራት እጥፍ አየር ይወስዳል። ደለል ተነስቶ ዓይን ከጋረደ፣ ድንጋጤም ከተጨመረ፣ መመለሻው ከመግቢያው ይረዝማል።

ስለዚህ ሲሶ ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የሚለያየው ከዚያ በላይ የሚቀመጠው ነው፦ አንዳንዶች የመውጫውን አየር አስቀድመው ቀንሰው የተረፈውን ብቻ ለሦስት ይከፍላሉ፤ ሌሎች ከአየራቸው አንድ ስድስተኛውን ሲጨርሱ ይዞራሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።