ዶሊ ፓርተንን የኬኒ ሮጀርስ ሚስት ለምትሏት ሁሉ

ባለፈው ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲነሱ ዲጄው የዊትኒ ሂዩስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ለቀቀው። እኔ ደሞ አፌን መያዝ አቅቶኝ አጠገቤ ለተቀመጠችው የአክስቴ ልጅ «ይሄ እኮ የስንብት ዘፈን ነው፣ ሲቀጥል የዊትኒም አይደለም፣ የዶሊ ፓርተን ነው» አልኳት። «የቷ ዶሊ? ያቺ የኬኒ ሮጀርስ ሚስት?» አለችኝ። ወይ ጉድ! ዶሊ የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ናት፣ ኬኒም እንደዛው። ከዛ ጠረጴዛው ሁሉ ገባበት፣ አንዱ እንዲህ ነው አንዱ እንዲያ ነው ሲል ጥብሱ ቀዘቀዘ። እና እዛ የሰማሁትንም ሌላ ጊዜ የምሰማውንም አንድ ባንድ ልጻፈው ብዬ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

«ዘፈኑ የዊትኒ ነው»

የዶሊ ነው። በ1973 ጻፈችው፣ በ1974 ለቀቀችው፣ የካንትሪ ዘፈኖች ደረጃ (ቻርት) ላይ አንደኛ ወጣ። በ1982 ለአንድ ፊልም እንደገና ቀረጸችውና እንደገና አንደኛ ወጣ፣ ያው አንዱ ዘፈን ማለት ነው። ዊትኒ የመጣችው በ1992 በ«ዘ ቦዲጋርድ» ፊልም ነው፣ እሷም 14 ሳምንት ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ላይ አንደኛ ሆና ቆየችበት። ዊትኒን ማሳነሴ አይደለም፣ ያ መጀመሪያ ላይ ያለምንም ሙዚቃ ብቻዋን የምታወጣው ድምፅ እስካሁን ፀጉሬን ያቆመዋል። ዶሊ ራሷ መኪና እየነዳች በሬዲዮ ድንገት ስትሰማው ልትጋጭ እንደነበር ስንቴ ተናግራለች። ግን የዶሊን ስሙት፣ ቀስ ያለ ነው፣ ጩኸት የለውም፣ መሃል ላይ ዘፈኑን ትታ በንግግር ነው ምርቃቱን የምታወርደው።

«ለፍቅረኛዋ ነው የጻፈችው»

ይሄኛው ላይ በደንብ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ታሪኩ ከፍቅር ታሪክ ይበልጣል። ፖርተር ዋጎነር የሚባል የራሱ የቲቪ ሾው ያለው ዘፋኝ ነበር። በ1967 ዶሊን ሾው ላይ አስገባት፣ ሀገር ያወቃት በሱ ነው። ሰባት ዓመት አብራው ሰራች፣ ከዛ በራሴ ልውጣ አለች፣ እሱ ደሞ ወይ ፍንክች! ተጨቃጨቁ ተጨቃጨቁ አልሆነም። አንድ ቀን ቤቷ ገብታ ይሄን ዘፈን ጻፈችና በማግስቱ ቢሮው ሄዳ፣ ቁጭ በል ብላ ጊታሯን ይዛ ዘፈነችለት። አለቀሰ። እሺ ሂጂ፣ ግን ዘፈኑን እኔ ፕሮዲውስ ላድርገው አላት። በቃ፣ ዘፈኑ ማለት የስራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያለ መልቀቂያ ያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እኔ የመጨረሻውን ስራዬን ስለቅ ሁለት መስመር ኢሜይል ነው የላኩት።

እና ታሪኩ እዛ ላይ በሰላም አለቀ እንዳትሉ፣ በ1979 ፖርተር ኮንትራት አፍርሳለች ብሎ ከሰሳት፣ ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ። በኋላ ታረቁ። በ2007 ሊሞት ሲል አልጋው አጠገብ ነበረች።

«ኤልቪስ ሊዘፍነው ሲል እሷ ናቀችው»

ተገላቢጦሽ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊቀርጸው ፈልጎ ነበር፣ እሷም በደስታ ልታብድ ደርሳ ነበር። ሊቀረጽ ትንሽ ሲቀረው ማናጀሩ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ደወለና ኤልቪስ የሚዘፍነው የዘፈኑን የህትመት መብት (ዘፈኑ ከሚያስገባው ብር ድርሻ የሚያስገኘውን ማለት ነው) ግማሹን ከሰጠሽን ነው አላት። አልሰጥም አለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። አስቡት፣ ገና ስሟን ለብቻዋ እየተከለች ያለች ልጅ የኤልቪስን ሰው እምቢ ስትል። እብድ ነሽ ያላት ብዙ ነው።

እዚህ ጋ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን በተራው ሬዲዮ ጣቢያ ሲለቀቅ ጣቢያው የሚከፍለው ለጻፈው ሰው እና መብቱን ለያዘው ነው እንጂ ለዘፈነው አይደለም። ስለዚህ ያ የዊትኒ ዘፈን በየሬዲዮው በለሊት በቀን ሲለቀቅ ብሩ የሚገባው ዶሊ ጋ ነበር። ያኔ ለፓርከር ግማሹን ሰጥታ ቢሆን የመብቱ ድርሻ ለሁለት ይካፈል ነበር። እኔ ይቺን ሴትዮ የምወድላት ከድምጿም በላይ ይሄንን ነው፣ ወረቀቷን አትለቅም!

«የዋህ ብሎንድ ናት፣ ዊግና ጥፍር ብቻ»

ሳቅሁ። የመጀመሪያ የካንትሪ ሂቷ (1967) ርዕሱ ራሱ «ሞኟ ብሎንድ» እንደማለት ነው፣ እና ዘፈኑ የሚለው ብሎንድ ስለሆንኩ ሞኝ አልሆንኩም ነው። አለባበሷንም ራሷ ናት የመረጠችው፣ ልጅ ሆና የሰፈሩ ሰው ስሟን የሚያጠፋት አንዲት የተኳኳለች ሴት ነበረች፣ ለዶሊ ግን ከሷ በላይ ቆንጆ አልነበረም፣ እሷን ነው የቀዳችው። ጥፍሩስ? «ናይን ቱ ፋይቭ»ን ስትጽፍ ፊልም ቀረጻ ላይ ነበረች፣ ረጃጅም ጥፍሮቿን እርስ በርስ እያፋጨች እንደ ታይፕራይተር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ ምቱ ከዛ ወጣ። በ1981 አንደኛ የወጣ ዘፈን በጥፍር ነው የተጀመረው።

ሀብታም ቤት ያደገች የሚመስለውም አለ። ቴነሲ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ተራራ ስር ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው የተወለደችው፣ 1946፣ ከ12 ልጆች አራተኛዋ። አባቷ ላዋለዳት ሀኪም የከፈለው አንድ ጆንያ የበቆሎ ዱቄት ነው፣ እሱ ራሱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። እናቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥላ ኮት ሰፋችላት፣ ለብሳው ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆቹ ሳቁባት። ትልቅ ሰው ሆና ያንን ኮት ዘፈን አደረገችው፣ አውቶብስ ውስጥ ሆና ወረቀት አጥታ የፖርተር ልብስ የታጠበበት የላውንደሪ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችው።

«የኬኒ ሮጀርስ ሚስት»

ይሄ እኛ ሀገር ብቻ አይደለም፣ አሜሪካኖቹም ሲጠረጥሩ ነው የኖሩት። «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም»ን (1983) ሲዘፍኑ እንዴት እንደሚተያዩ ያየ ሰው አይፈረድበትም። ግን ጓደኛሞች ነበሩ፣ ኬኒ በ2020 እስኪሞት ድረስ። ዘፈኑንም የጻፉት ቢጂስ የሚባሉት የወንድማማቾች ባንድ ናቸው፣ ይሄንን ስነግራቸው ደሞ የማያምኑኝ አሉ። እውነተኛው ባሏ ካርል ዲን ይባላል፣ የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ከተማ ውስጥ አስፋልት የማንጠፍ ስራ የነበረው ሰው። በ1964 ሃይስኩል በጨረሰች ማግስት ናሽቪል ገባች፣ የዛኑ ቀን ልብሷን ልታጥብ የህዝብ ላውንደሪ ሄዳ በሩ ላይ ተገናኙ። በ1966 ተጋቡ። ሰውየው መድረክ፣ ሽልማት፣ ካሜራ አልወድም ብሎ ቤቱ ስለተቀመጠ ባሏ የፈጠራ ነው ይሉ ነበር። በመጋቢት 2025 እስኪያርፍ ድረስ ወደ 59 ዓመት አብረው ኖሩ።

«ጆሊን ባሏን ቀምታታለች»

«ጆሊን» ዶሊ አንዲት ሴትን ባሌን አትውሰጅብኝ ብላ የምትለምንበት ዘፈኗ ነው። አልቀማችም። ባንክ ውስጥ የምትሰራ ቀይ ፀጉር ልጅ ነበረች ለካርል ፈገግ የምትለው፣ እሱም ባንክ መመላለስ አበዛ። ጆሊን የሚለውን ስም ግን ዶሊ የወሰደችው ከሌላ ነው፣ ኮንሰርት ላይ ኦቶግራፍ ከጠየቀቻት ትንሽ ልጅ።

«የኮቪድን ክትባት የከፈለችው እሷ ናት»

ተጋነነ። በ2020 ለቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች፣ ከዛ ውስጥ የተወሰነው ለሞደርና ክትባት ጥናት ዋለ። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ክትባቱ ከዛ እጅግ የሚበልጥ የመንግስት ብር ፈሶበታል። ቲክቶክ ላይ የማይወራው ሌላው ስራዋ ነው የሚገርመኝ፣ ከ1995 ጀምሮ ማንበብ በማይችለው አባቷ ምክንያት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ህፃናት በየወሩ መጽሐፍ በነፃ በፖስታ ቤታቸው ድረስ ትልካለች፣ በ2023 ከ200 ሚሊዮን አልፏል።

«ዶሊ የተባለችው በግ በሷ ስም ነው መባሉ ውሸት ነው»

ይሄኛው እውነት ነው! በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ ክሎን የተደረገችው በግ የተሰራችው ከጡት ሴል ስለነበር ሳይንቲስቶቹ ቀልድ አማራቸው። ለምን ዶሊን እንዳሰቡ አላብራራም።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ሰርጉ ላይ በጆሮዋ ስነግራት ኬኩ ተቆርሶ አልቆ ነበር። ሰምታ ሰምታ «እሺ ስንብትም ይሁን መልቀቂያ፣ በኔ ሰርግ ግን የዊትኒን ነው የማስከፍተው» አለችኝ። ክፈቺ አልኳት፣ ብሩ የሚገባው ያው ዶሊ ጋ ነው።