መለየት ምንድን ነው?

«ዓይኔን ሸፍኑኝ፣ ይርጋጨፌን ከሐረር እለያለሁ።» ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ባሰበት። አንድ ቡና ቀማሽ በፈተና ላይ ሦስት ስኒ ቀርቦለት የተለየውን በትክክል አወጣ። «ከየት የመጣ ቡና ነው?» ሲባል ግን «አላውቅም» አለ። ይህን የሰማው ሰውዬ «ታዲያ ምኑን ለየው?» ብሎ ድርቅ አለ። ለየው እንጂ! የተጠየቀው መለየት ነበር፣ ለየ። ማወቅ ሌላ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። ገበሬ ፍሬውን ከገለባው ይለያል። ልጅ ከፍ ሲል ክፉና ደጉን ይለያል። ፖሊስ የተጠርጣሪውን ማንነት ለየ ይባላል። የመጀመሪያው መነጠል ነው፣ ሁለተኛው ማመዛዘን፣ ሦስተኛው ማንነትን ማረጋገጥ። ሁሉንም በአንድ ግስ ስለምንጠራቸው አንድ ችሎታ ይመስሉናል። ጠንቀቅ ብለን ስንናገር ግን «ለይቶ ማወቅ» እንላለን። ሁለት ግስ ነው። መጀመሪያ መለየት አለ፣ ማወቅ ይከተላል። የመጀመሪያው ላይ መቆምም ይቻላል።

ጎረቤት መንታ ልጆች አሉ እንበል። አብረው ቆመው ስታዩአቸው «የዚህኛው ፊት ጠበብ ይላል» ትላላችሁ። ለይታችኋል። በማግስቱ አንዱ ብቻውን ሱቅ ሲላክ ብታገኙት ግን በስሙ መጥራት ያቅታችኋል። ዓይናችሁ አልደከመም። ትናንት አጠገቡ የነበረው ማነጻጸሪያ ዛሬ የለም። እናታቸው ግን ጓዳ ሆና ኮቴውን ሰምታ በስሙ ትጠራዋለች። ጆሮዋ ከእናንተ ስለሚበልጥ አይደለም፣ ዓመታት አብራቸው ስለኖረች ነው። አሁን እናትየዋን ከማታውቃቸው የሌላ ሰው መንታዎች ፊት አቁሟት። ምን ምን ማየት እንዳለባት ስለለመደች ልዩነታቸውን ከእናንተ ቀድማ ታያለች። ስማቸውን ግን ከየት ታምጣው? ያ ቀማሽም እንደዚያ ነው።

ከመንታዎቹ አንዱ ፀጉሩን ቢላጭስ? ያኔ ማንም ይለያቸዋል፣ ግን በፊታቸው አይደለም። ቡና ላይ ይህ ያጋጥማል። አንዱ ጠቆር ብሎ ከተቆላ ዓይን ቀድሞ ይፈርዳል፣ ምላስ ሥራ ይፈታል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ፈተና ብዙ ጊዜ የቀለም ልዩነት እንዳይታይ በቀይ መብራት የሚሰጠው። የይርጋጨፌና የሐረር ፉከራም እዚህ ላይ ይላላል። የሐረር ቡና በአብዛኛው ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ሰው የሚያስበው ይርጋጨፌ ደግሞ የታጠበው ነው። እንግዲህ ያ ሰው የሚለየው አገሩን ሳይሆን አዘገጃጀቱን ሊሆን ይችላል። ሳይታጠብ የደረቀ ይርጋጨፌ አጠገቡ አስቀምጡለትና ይሞክር።

ፈተናው እንዲህ ነው፦ ሦስት ስኒ፣ ሁለቱ አንድ ቡና፣ አንዱ ሌላ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይገኛል፣ ስለዚህ አንድ ዙር ምንም አያሳይም። ስድስት ዙር በግምት ብቻ የመድፈን ዕድል ግን ከ729 አንድ ነው። ስድስቱንም ያገኘ ሰው የአንዱንም ቡና አገር ባያውቅ ምላሱን አምናለሁ።

እኔም መለየትንና ማወቅን አምታትቼ አውቃለሁ። በቅምሻ ጊዜ አንድ ናሙና በአምስት ስኒ ይቀርባል። እያንዳንዱ ስኒ ለብቻው ይፈጫል፣ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ይሆናል። ውኃው ከፈሰሰ ከአራት ደቂቃ በኋላ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ገፋ አድርገን እናሸታለን። አንድ ቀን አራተኛው ስኒ ላይ ማንኪያዬ ቆመ። ኮምጠጥ ያለ፣ የከረመ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ። «የሌላ አካባቢ ቡና ተቀላቅሎበታል» ብዬ ጻፍኩ። ቡናው አንድ ነበር። ከመፈጨቱ በፊት አንዲት የተበላሸች ፍሬ እዚያ ስኒ ድርሻ ውስጥ ገብታ ነው። መለየቴ ልክ ነበር። የሰጠሁት ስም ግን ስህተት ነበር፣ በዚያ ስም የአንድ ገበሬ ቡና ሊጣልበት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ «አራተኛው ይለያል» ብቻ እጽፋለሁ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። «ልዩነት አላገኘሁም» ያለ ሰው «አንድ ናቸው» አላለም። ስኒው በጣም ሲሞቅ ብዙ ነገር ይደበቃል፣ ቀዝቀዝ ሲል የቡናው ኮምጣጣነት ጎልቶ ይወጣል። ሽሮ በልቶ የመጣ ምላስም ሌላ ምላስ ነው። ቸኩሎ የተቀመሰ ቡና ላይ «ያው ነው» ብሎ መፍረድ አይገባም።

ለዚያ ሰውዬ የምመልስለት ግን ከቤቱ ሳይወጣ ነው። አቦልን ከበረካ የማይለይ ቡና ጠጪ አለ? የለም። አንድ ጉንጭ ይበቃዋል። ቡናው የጅማ ይሁን የወለጋ ግን አያውቅም፣ ሳያውቅም ለይቷል። ፈተናውን ቤት መሞከር ከፈለገም ከአንድ ጀበና ሁለት ስኒ፣ ከሌላው አንድ ስኒ ይቅዳ። ብቻ ቡናው በደንብ ይስከን፣ ከጀበናው ግርጌ የሚወጣውን ስኒም አይጠቀምበት። አተላ ያለበት ስኒ ከዚያው ጀበና ከተቀዳው ወንድሙ ጋር እንኳ አይመሳሰልም።